ባሉበት

ፀሐይ ሳትከር፣ የኒሙ ጥላ ሳይሸሽ ከደጄ፣
ፈትሒያ መጣች፤ አምስት ሉክ ወረቀት አኖረች ከእጄ።
«አንተ የባቡሩ ሰው፣ ጽሕፈትህ ያምራል፤
የኔ ልጅ በስልክ እንጂ በእጁ መች ይጽፋል?
ለተከራይ ሁሉ ደብዳቤ ይውጣ፤
ወረዳው ፈቅዷል አሉ፣ ጭማሪው መጣ።»

(«አንተ» ያለችኝ ንቃኝ አይደለም፤ ድሬ ነው አገሩ፣
«እርስዎ» የሚሉት ቃል ከጣቢያው ሳይወርድ አለፈ ከነባቡሩ።)

እኔም ተከራይዋ ነኝ። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል፣
ግድግዳዋ በቀትር እንደ ባቡር ምድጃ የሚግል፣
የኔ ናት። ረስታው ይሁን፣ ወይስ አውቃ፣
አልጠየቅሁም። ብዕሬን አራገፍሁ፣ ቀለሙ እስኪነቃ።

ቀን፦
ቁጥር፦ (መዝገብ ቤት የለንም፤ ግን ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ራቁቱን ነው፤
«ፈ/05» ብዬ ሰጠሁት፣ በድሬም ቢሆን እንዳይበርደው።)
ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ጭማሪን ስለማሳወቅ።
ከሥሩ ሰረዝ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጉዳዩ እንዳይወድቅ።

«ስንት ልበል?»
«ሁለት ሺህ፣ በላይ በላዩ።»
«ሁለት ሺህማ አይሆንም። ደንብ አለው ጉዳዩ።
ውላችን ወረዳ ገብቷል፣ ማኅተም አርፎበታል፤
ከተባለው ልክ ያለፈ ሰው ይቀጣል።»
«ደንብ» አለች። ቃሉን እንደ ቴምር ፍሬ
በአፏ አዞረችው። «እስቲ ንገረኝ ዛሬ፣
ሽንኩርቱስ ደንብ አለው? የቦቴው ውሃስ? ሲሚንቶው?
ጣራዬ ሲያፈስ ወረዳው ነው የሚደፍነው?
ወይስ ደንቡ እኔ ደጅ ብቻ ነው የቆመው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው።
በጣቴ አሰላሁ። «ሁለት መቶ አርባ።»
«ሁለት መቶ አርባ!» ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪያነባ፤
«ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ሰረዝ?»

ለአቶ ማህዲ ሮብሌ፣ ባሉበት።
(ያለበት ባጃጁ ውስጥ ነው፤ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን፤
ቤቱን የሚያየው ዓይኑን ሲጨፍን።)
ለወይዘሪት ትርሲት ዋሲሁን፣ ባሉበት።
(የሌሊት ተረኛ ናት። ያለችበት የሰው ሕመም አጠገብ።)
ለወይዘሮ ሆዳን ጌሌ፣ ባሉበት።
(ጫቱ ከአወዳይ እስኪገባ ላስቲክ ሥር ቁጭ፤
መኪናው ያረፈደ ለት ኪራይዋም አብሮ ያረፍዳል።)
ለአቶ ቶፊቅ አልዪ፣ ባሉበት።
(ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌ በከንፈሩ ስለያዘ አይከራከርም።)
ለአቶ ልሳነወርቅ

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ።

ደቻቱ በሌሊት የመጣ ለት፣ ውሃው አልጋዬን ሲወስድ፣
በዚህ በር በአንድ እግር ጫማ ገባሁ፣ እንደ ቅጠል ስርድ።
«ግባ» አለችኝ። ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣
አንድ ቃል ነው፤ ጉዳዩም ያው።
ሰባት ወር ኪራይ አላነሣችም። እኔ ሳነሣ
«ምን አልክ?» እያለች፣ ጆሮዋ ሳይደነቁር፣ ወሬ ታነሣ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንተና በአንቺ ኖርን፤
ዛሬ በሁለት መቶ አርባ ብር ተከባበርን።

ለአቶ ልሳነወርቅ ይመር፣ ባሉበት።
ያለሁበት ያው ነው፤ ለማድረስ አያስቸግርም።

ግልባጭ፦ ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት።
(ግልባጭ፣ በልቤ፦ ለደቻቱ፣ ባለበት፤
ያለው አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት።)

ፈረመች። የእሷ ፊደል ከቀኝ ይነሣል፣
የኔ «ደርሶኛል» ከግራ ይመጣል፤
ሊነካኩ አንድ ጣት ሲቀራቸው ቦታው አለቀ።

«ለጽሕፈቱስ ስንት ልክፈልህ?»
«ለአምስቱ? ሁለት መቶ አርባ።»
ትኩር ብላ አየችኝ።
«ይሄስ ደንብ አለው?»
«የለውም።»
«እንግዲያው መቶ» አለች፣ የሻርፗን ጫፍ ቋጠሮ እየፈታች።